የሚረግጡት ያጡ እግሮች፦ የጫጩት እግር መከፈትና የሰበቃ ሕግ

ስለ ሰበቃ (ፍትጊያ) ስናስተምር ዘወትር የምንጠቅሳቸው ምሳሌዎች የታወቁ ናቸው፤ በጭቃ ላይ የሚሽከረከር የመኪና ጎማ፣ በዘንባላ ጣውላ ላይ የተቀመጠ ሳጥን፣ የተወለወለ የክፍል ወለል። በእነዚህ ምሳሌዎች መካከል ጫጩት ገብታ አታውቅም ነበር። የሰበቃን ሕግ ለብዙ ዓመታት በጥቁር ሰሌዳ ላይ ስንጽፍ የኖርን ሰዎች፣ ሕጉ በገዛ ቤታችን ውስጥ በአንዲት ጫጩት እግር ላይ ሲሠራ ማየት ተስኖን እንደነበር በዚህ ጽሑፍ መግቢያ ላይ ሳንሸሽግ እንናገራለን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለልጆቻችን ደስታ ብለን የአንድ ቀን ዕድሜ ያላቸው ስምንት ጫጩቶች ገዝተን በካርቶን ውስጥ አኖርናቸው። ለጽዳት እንዲመች በማሰብም የካርቶኑን ወለል ከአሮጌ የቀን መቁጠሪያ በተቀደደ አንጸባራቂ ወረቀት ሸፈንነው። በማግሥቱ አንደኛዋ ጫጩት ሁለት እግሮቿ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ተከፍተው በደረቷ ተኝታ አገኘናት። በጉዞ ላይ አጥንቷ ተሰብሮ ይሆናል፣ ከዛሬ ነገ ይሻላታል ብለን ተውናት። በአራተኛው ቀን ጠዋት ከውኃ መጠጫው አንድ ስንዝር ርቃ ሞታ ተገኘች። በዚያው ቀን የሁለተኛዋ ጫጩት እግሮች መከፈት ጀመሩ።

ሊጠይቁን የመጡ አንዲት ጎረቤታችን የሆኑ እናት ካርቶኑን አየት አድርገው፣ ወረቀቱንም በጣታቸው ዳሰስ አድርገው፣ «ልጄ፣ ይህች እኮ የምትረግጠው አጥታ ነው» አሉን። ቀጥሎ የምንጽፈው ሁሉ የዚህ አንድ ዓረፍተ ነገር ማብራሪያ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የጫጩት እግር አሠራር

በመጀመሪያ አንድ የተለመደ ስሕተት እናርም። ብዙ ሰው የዶሮ ጉልበት ወደ ኋላ የሚታጠፍ ይመስለዋል። ይሁን እንጂ ያ ወደ ኋላ ሲታጠፍ የምናየው መገጣጠሚያ ጉልበት ሳይሆን ቁርጭምጭሚት ነው። እውነተኛው ጉልበት ከፍ ብሎ ከላባው ሥር ተሸሽጎ ይገኛል፤ የሚታጠፈውም እንደ እኛው ወደ ፊት ነው። ከቁርጭምጭሚቱ በታች ያለው ላባ አልባ ክፍል ከሰው ጋር ሲነጻጸር የመርገጫው መካከለኛ ክፍል ነው፤ ስለዚህ ዶሮ ዕድሜዋን ሁሉ የምትራመደው በጣቶቿ ነው ማለት ነው።

ጫጩት እንቁላል ውስጥ 21 ቀን ያህል ቆይታ ስትፈለፈል አጥንቶቿ ገና ለስላሳ፣ መገጣጠሚያዎቿን የሚያስሩት ጅማቶችም ገና ያልጠነከሩ ናቸው። እግሮቿን ወደ ውስጥ የሚሰበስቡት የጭን ጡንቻዎችም ደካሞች ናቸው። ይህ ልስላሴ ጉዳትም ጥቅምም አለው። ጉዳቱ፣ እግሯ በቀላሉ ወደ ተሳሳተ አቅጣጫ መሄዱ ነው፤ ጥቅሙ ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት በዚያው ቅለት ወደ ትክክለኛው አቅጣጫ መመለሱ ነው። ሳምንት ካለፈ በኋላ የመመለሱ ዕድል እየጠበበ ይሄዳል። ከዚህ የተነሣ «ከዛሬ ነገ ይሻላታል» የሚለው አስተሳሰብ ለዚህ ሕመም አይሆንም።

ወለሉ የሚጠየቀው ኃይል

አሁን ጉዳዩን በስሌት እንየው። የአንድ ቀን ጫጩት 40 ግራም ያህል ትመዝናለች፤ ክብደቷም 0.4 ኒውተን ገደማ ነው። በሁለት እግር ስትቆም እያንዳንዱ እግር 0.2 ኒውተን ይሸከማል። እግሮቿ ቀጥ ብለው ከሆድዋ ሥር እስካሉ ድረስ ወለሉ ወደ ላይ ከመግፋት በቀር ሌላ ሥራ የለበትም። ነገር ግን እግሯ ከቀጥታው መስመር ጥቂት ዘዌ (አንግል) ወደ ውጭ ቢያዘነብል፣ የሰውነቷ ክብደት እግሩን ወደ ጎን ይገፋዋል። እግሩ እንዳይንሸራተት ወለሉ በሰበቃ አማካይነት ወደ ውስጥ መልሶ መግፋት ይኖርበታል። ጡንቻዋ ምንም አይረዳትም ብለን ብናስብ፣ የሚፈለገው የሰበቃ ኃይል እግሩ ከሚሸከመው ክብደት ጋር ያለው ጥምርታ ከዘዌው ታንጀንት ጋር እኩል ነው።

ቁጥሮቹ ብዙ ይናገራሉ። እግሩ 10 ዲግሪ ቢያዘነብል ጥምርታው 0.18 ነው፤ በ20 ዲግሪ 0.36፣ በ30 ዲግሪ 0.58፣ በ45 ዲግሪ ደግሞ 1 ይሆናል። ይህም ማለት እግሯ በተከፈተ ቁጥር ከወለሉ የምትፈልገው ርዳታ እየጨመረ ይሄዳል ማለት ነው። የወለሉ የሰበቃ መጠን ግን ውስን ነው። ከዚያ ወሰን ካለፈች እግሩ ይንሸራተታል፤ ሲንሸራተት ዘዌው ይሰፋል፤ ዘዌው ሲሰፋ ደግሞ የሚያስፈልጋት ሰበቃ ይበልጥ ይጨምራል። መንሸራተት መንሸራተትን ይወልዳል። ጤናማ ጫጩት በአንድ ሌሊት ውስጥ መቆም የሚሳናት በዚህ ምክንያት ነው።

በጭድ በተሠራ ጎጆ ውስጥ በእናቲቱ ሥር የተፈለፈለች ጫጩት ይህ ችግር እምብዛም የማይደርስባት ለምን እንደሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል። ጭዱ ለጥፍሮቿ መያዣ ይሰጣታል፤ የጎጆው ጎድጓዳ ቅርጽም እግሮቿን ወደ መሐል ይሰበስባል። ጋዜጣ፣ ላስቲክና አንጸባራቂ ወረቀት ግን ሁለቱንም ይነሷታል። ወለሉ ብቸኛው መንሥኤ እንዳልሆነም መታወቅ አለበት፤ በመፈልፈያ መሣሪያ ውስጥ የሙቀትና የእርጥበት አለመስተካከል እንዲሁም በእንቁላሉ ውስጥ አመቺ ያልሆነ አቀማመጥ ጫጩቷ ከመነሻው ደካማ እግር ይዛ እንድትወጣ ሊያደርጉ ይችላሉ።

በቤት ውስጥ የሚሠራ ሙከራ

ይህን ለማረጋገጥ ሕይወት ያላት ጫጩት ማንገላታት አያስፈልግም። ለወጥ ከታረደች ዶሮ የተረፈ አንድ እግር፣ አንድ ጣውላና አንድ ማስመሪያ ይበቃሉ። እግሩን አጥባችሁ አድርቁት። በጣውላው ላይ መጀመሪያ አንጸባራቂ ወረቀት፣ ቀጥሎ ጋዜጣ፣ በመጨረሻም ፎጣ ወይም ጆንያ አንጥፉ። በየተራ እግሩን በላዩ አስቀምጣችሁ የጣውላውን አንድ ጫፍ ቀስ በቀስ ከፍ አድርጉ። እግሩ መንሸራተት በሚጀምርበት ቅጽበት የተነሣውን ጫፍ ከፍታ ለካችሁ ከሥሩ ላለው አግድም ርቀት አካፍሉት። የምታገኙት ቁጥር የዚያ ወለል የሰበቃ ኮኤፊሸንት ነው።

ውጤቱ የሚያስደንቀው እዚህ ላይ ነው፤ ጣውላው ባዘነበለበት ዘዌና ጫጩቷ ሳትንሸራተት እግሯን ልትከፍት በምትችልበት ከፍተኛ ዘዌ መካከል ልዩነት የለም፤ ሁለቱም የሚገዙት በአንድ ታንጀንት ነውና። ፎጣ ላይ ስትደርሱ ደግሞ ጥፍሮቹ ክሩን ቆንጥጠው ሲይዙ ታያላችሁ፤ ይህ ከተራ ሰበቃ በላይ የሆነ መያዣ ነው።

ርዳታው ምን ይመስላል?

የመጀመሪያው ሥራ ወለሉን መለወጥ ነው። ክሩ ያልተፈታ ፎጣ ወይም ጠበቅ ብሎ የተሠራ ጆንያ ይሆናል። ሰጋቱራ መጠቀም የተለመደና ጥሩ ነው፤ ሆኖም ጫጩቶቹ መኖውን ከሰጋቱራ ለይተው እስኪያውቁ ድረስ በመጀመሪያዎቹ ቀናት በላዩ ጨርቅ ማንጠፍ ይመረጣል። በብዙ ቤት በዚህ ጊዜ ጋዜጣ የሚነጠፈውም ለዚሁ ተብሎ ነው፤ ችግሩም ከዚያ ይጀምራል።

ሁለተኛው ሥራ ወለሉ የነሣትን ኃይል በማሰሪያ መተካት ነው። ምን ያህል ኃይል? እግሯ 20 ዲግሪ የተከፈተ ከሆነ 0.2 በ0.36 ሲባዛ 0.07 ኒውተን ገደማ ይሆናል። ማሰሪያው የሚውለው ከመርገጫው ትንሽ ከፍ ብሎ ስለሆነ ወደ 0.1 ኒውተን እንውሰደው። ይህ የ10 ግራም ክብደት ነው፤ ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር ገደማ ነው። ስለዚህ ማሰሪያው መያዝ እንጂ ማጥበቅ አይጠበቅበትም።

እኛ በመጀመሪያ የሳትነው ይህን ነበር። ሁለተኛዋን ጫጩት በልብስ ስፌት ክር አሰርናት፤ ከጥቂት ሰዓት በኋላ እግሯ አብጦ ቀለሙ ተለወጠ። ግፊት ማለት ኃይል ለስፋት ሲካፈል መሆኑን እያወቅን ዘንግተነው ነበር። ስፋቱ ግማሽ ሚሊሜትር የሆነ ክርና ስፋቱ 6 ሚሊሜትር የሆነ ፕላስተር በእኩል ኃይል ቢጠመጠሙ፣ ክሩ በቆዳው ላይ የሚያሳርፈው ግፊት የፕላስተሩን 12 እጥፍ ነው። ያ ግፊት ቀጭኖቹን የደም ሥሮች ይዘጋል። ክርና ላስቲክ በፍጹም አይሆኑም።

ትክክለኛው አሠራር የሚከተለው ነው፦

1. አንድ የቁስል ፕላስተር በቁመቱ ሁለት ቦታ ይቆረጣል። መሐሉ ላይ ያለው ጎዝ በሁለቱ እግሮች መካከል እንዲውል ተደርጎ ጫፎቹ በእያንዳንዱ እግር ላይ፣ ከቁርጭምጭሚቱ በታች፣ ላላ ብለው ይጠመጠማሉ።

2. በእግሮቹ መካከል የሚቀረው ርቀት ጫጩቷ በጤናዋ ስትቆም ከሚኖረው ጋር የተቀራረበ፣ ማለትም ከ2 እስከ 2.5 ሴንቲሜትር ያህል ይሁን። እግሮቹ ፈጽሞ ከተዘረጉ ግን በአንድ ጊዜ ጎትቶ ማምጣት ሕመም ነው፤ መጀመሪያ ሰፋ አድርጎ ማሰርና በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እያጠበቡ መሄድ ይሻላል።

3. አንድ ሰው ጫጩቷን በጨርቅ ሸፍኖ ሲይዝ ሌላው ቢያስር ይቀላል። ዓይኗ ሲሸፈን ትረጋጋለች። ደረቷን መጭመቅ ግን አደገኛ ነው፤ ወፎች የሚተነፍሱት ደረታቸውን በማንቀሳቀስ ነውና።

4. ቢያንስ በቀን ሁለት ጊዜ እግሯን እንመልከት። እብጠት፣ ቅዝቃዜ ወይም የቀለም መጥቆር ከታየ ማሰሪያው ወዲያውኑ ይፈታ።

5. በቀን ብዙ ጊዜ ለአንድ ለሁለት ደቂቃ ሆዷን በእጅ ደግፎ በጨርቅ ላይ ማቆም ጡንቻዋን ያለማምዳል።

ብዙውን ጊዜ ማሰሪያው ከሁለት እስከ አምስት ቀን ይበቃዋል። ሲፈታ ፕላስተሩን ከመቦጨቅ ይልቅ በለብታ ውኃ አርሶ በመቀስ መቁረጥ ይገባል። ጫጩቷ ፈጽሞ መቆም ካቃታት፣ በጨርቅ በተደላደለች ትንሽ ኩባያ ውስጥ እግሮቿን ከሆዷ ሥር ሰብስቦ ማስቀመጥ፣ እኛ እየተከታተልናት እስከሆነ ድረስ፣ ጎጆው ይሠራው የነበረውን ሥራ ይሠራል።

ውኃና ሙቀት

ጫጩት ከመፈልፈሏ ቀደም ብሎ የእንቁላሉን አስኳል ወደ ሆዷ ታስገባለች። በዚህ ስንቅ ሁለት ሦስት ቀን ያህል ያለ ምግብ መቆየት ትችላለች፤ የአንድ ቀን ጫጩቶች ከከተማ ወደ ከተማ በካርቶን መጓጓዝ የቻሉትም በዚህ ምክንያት ነው። መቆም የማትችል ጫጩት ግን ስንቋ ሲያልቅ ወደ መኖውና ወደ ውኃው መድረስ አትችልም። የመጀመሪያዪቱ ጫጩታችን የሞተችው በእግሯ ሳይሆን በዚህ ነው ብለን እናምናለን። ስለዚህ የታመመችዋን ለይቶ መኖና ውኃን ከአፏ ሥር ማቅረብ፣ የመንቁሯንም ጫፍ ብቻ ውኃ ማስነካት ያስፈልጋል፤ የአፍንጫ ቀዳዳዎቿ መጥለቅ የለባቸውም። ጓደኞቿ እንዳይረግጧት መለየቱ ተገቢ ቢሆንም ፈጽሞ ብቻዋን ከመሆን ይልቅ በወንፊት ተከልላ ድምፃቸውን እየሰማች ብትቆይ ይበልጥ ትረጋጋለች።

በመጀመሪያው ሳምንት ጫጩቷ ያለችበት ስፍራ ሙቀት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሁን፤ ከዚያም በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ያህል ይቀነሳል። እንደ አዲስ አበባ ባሉ ደጋ ከተሞች የሌሊቱ ቅዝቃዜ ብርቱ ስለሆነ ይህ በቸልታ የሚታለፍ አይደለም። አምፖል በካርቶኑ አንድ ጥግ ላይ ብቻ ቢሰቀል ሌላው ጥግ ቀዝቀዝ ስለሚል ጤናማዎቹ ራሳቸው ይመርጣሉ። መራመድ የማትችለዋ ግን መምረጥ አትችልምና የእርሷን ሙቀት መከታተል የእኛ ፈንታ ነው። ከሰል የሚጠቀም ሰው ቢኖር፣ በተዘጋ ክፍል ውስጥ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ጫጩቱንም ባለቤቱንም እንደሚገድል አይዘንጋ።

ማሰሪያ የማይፈውሳቸው ሕመሞች

የእግር ሕመም ሁሉ የሰበቃ ጉዳይ አይደለም። ከማሰራችን በፊት መለየት ያለብን ጥቂት ሌሎች ሕመሞች አሉ።

የጣቶች መጠቅለል። ስትፈለፈል ጀምሮ ጣቶቿ የተጠቀለሉ ጫጩት፣ ጣቶቿ ተዘርግተው ከጠንካራ ወረቀት በተቆረጠ ትንሽ «ጫማ» ላይ በፕላስተር ቢለጠፉ በአንድ ሁለት ቀን ብዙ ጊዜ ትድናለች። ነገር ግን መጀመሪያ ጤናማ የነበረች ጫጩት በሁለተኛው ሳምንት ገደማ ጣቶቿ ወደ ውስጥ ተጠቅልለው በቁርጭምጭሚቷ መሄድ ከጀመረች፣ የሪቦፍላቪን (ቫይታሚን ቢ2) እጥረት መጠርጠር አለበት። ጫጩት በአንድ ኪሎግራም መኖ ውስጥ 3.6 ሚሊግራም ያህል ሪቦፍላቪን ያስፈልጋታል፤ በቆሎ ብቻ ይህን አይሰጣትም። እርሾ፣ አጓት፣ ጉበትና ለምለም ቅጠል ግን አላቸው። ሪቦፍላቪን በብርሃን ስለሚበላሽ መድኃኒቱ ከብርሃን ተከልሎ ይቀመጥ። ነርቩ ብዙ ከተጎዳ በኋላ ቫይታሚኑ ቢሰጥም አይመለስም።

የጅማት ከስፍራው መውጣት። ከቁርጭምጭሚቱ በስተኋላ የሚያልፈው ወፍራም ጅማት ከቦዩ ወጥቶ ወደ ጎን ይንሸራተታል፤ ገመድ ከመዘውሩ እንደሚወጣ ማለት ነው። መገጣጠሚያው ያብጣል፤ እግሩም ይጠማዘዛል። በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የተደረጉ ጥናቶች ከመንሥኤዎቹ አንዱ የማንጋኒዝ እጥረት መሆኑን አሳይተዋል። ይህ በፍጥነት የእንስሳት ሐኪም የሚፈልግ ነው።

የአጥንት መልፈስፈስ (ሪኬትስ)። በቫይታሚን ዲ፣ በካልሲየም ወይም በፎስፎረስ እጥረት ይመጣል፤ አጥንት ብቻ ሳይሆን መንቁሯም ሲነካ ይተጣጠፋል። የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎቹ ሃርትና ስቲንቦክ ከባልደረቦቻቸው ጋር በ1920ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. የጫጩቶችን የእግር ድክመት ሲመረምሩ፣ ብርሃን በጫጩት ዕድገት ላይ ያለውን ድርሻ አሳይተዋል። ለዚህ የሚያገለግለው ከ290 እስከ 315 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ያለው የፀሐይ ጨረር ነው፤ የመስኮት መስታወት ይህን ጨረር አብዛኛውን ያስቀራል። ስለዚህ በመስታወት በኩል የሚገባ ፀሐይ ያሞቃል እንጂ ቫይታሚን ዲ አያስገኝም። ዶሮ ይህን ቫይታሚን በብዛት የምታዘጋጀው ላባ በሌለው የእግሯ ቆዳ መሆኑም ልብ ሊባል ይገባል።

የማሬክ በሽታ። በቫይረስ የሚመጣ ነው፤ ከጥቂት ሳምንታት ዕድሜ በኋላ አንዱ እግር ወደ ፊት ሌላው ወደ ኋላ ተዘርግቶ ሽባ መሆን የተለመደ ምልክቱ ነው። መድኃኒት የለውም፤ መከላከያው ጫጩቷ በተፈለፈለች ቀን የሚሰጥ ክትባት ነው።

የዶሮ እግር ለሰው ልጅም ባለውለታ መሆኑን ጠቅሰን እንለፍ። ሆላንዳዊው ሐኪም ክርስቲያን አይክማን በ1890ዎቹ እ.ኤ.አ. ዛሬ ጃካርታ በምትባለው ከተማ ዶሮዎቹ እግራቸው እየደከመ ሲወድቁ ተመለከተ። የተፈተገ ነጭ ሩዝ ሲበሉ እንደሚታመሙ፣ ያልተፈተገ ሲበሉ እንደሚድኑ አስተዋለ። ይህ ምልከታ ለቫይታሚኖች መገኘት መንገድ ጠርጎ በ1929 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተካፋይ አደረገው። እርሱ የሚንገዳገዱትን ዶሮዎች አይቶ «ለምን?» ብሎ ጠየቀ፤ እኛ ግን የመጀመሪያዪቱን ጫጩታችንን አይተን አልጠየቅንም።

ርዳታ የማይሆንበት ጊዜ

ሁሉም ጫጩት ይድናል ማለት ውሸት ይሆናል። ከሳምንት እንክብካቤ በኋላ ምንም ለውጥ የሌላት፣ መብላትና መጠጣት ያቃታት፣ ያለማቋረጥ የምትጮኽ ጫጩት ካለች፣ ሥቃይዋን ማራዘም ርኅራኄ አይደለም። በዚህ ጊዜ የእንስሳት ሐኪም ማማከርና ያለ ሥቃይ እንድታርፍ ማድረግ ከኃላፊነታችን አንዱ ነው።

ሁለተኛዋ ጫጩታችን ክሩ ተፈትቶ በፕላስተር ታሰረች፤ ፎጣም ተነጠፈላት። በሦስተኛው ቀን ማሰሪያው ሲፈታ ጥቂት ተንገዳግዳ ወደ ውኃው በራሷ ሄደች። ዛሬ እንቁላል የምትጥል ዶሮ ናት።

በመጨረሻም ለአንባቢያን አንድ ጥያቄ እንተዋለን። ያቺ ጫጩት በሳምንቷ ክብደቷ እጥፍ ቢሆን፣ በዚያው አንጸባራቂ ወረቀት ላይ የምትንሸራተትበት ዘዌ ይለወጣል ወይስ አይለወጥም? ማሰሪያውስ የሚሸከመው ኃይል? መልሱን በእርሳስና በወረቀት ከሠራችሁ በኋላ፣ ቤታችሁ ወይም ጎረቤታችሁ ዘንድ ጫጩት ያለበት ካርቶን ካለ፣ ወለሉን በጣታችሁ ዳሰስ አድርጉት።